የእንቁጣጣሿ ልጅ ጳጉሜ 6 ላይ፦ ስለ ቀንና ሰዓት ታይፖች

(አዲስ አበባ ውስጥ ለሶፍትዌር ሠሪዎች ካደረግኩት ንግግር። ጽሑፍ ሲሆን ትንሽ አስተካክዬዋለሁ፤ ብዙ ግን አልነካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ።

ርዕሱ "የቀንና የሰዓት ታይፕ አመራረጥ" ሲባል ሁለት ሦስት ሰው ስልኩን ሲያወጣ አይቻለሁ። አልቀየማችሁም። እኔም ድሮ "ቀን ምን ይወራለታል፣ ቁጥር አይደል እንዴ" ባይ ነበርኩ። ስለዚህ ከታይፕ (ኮድ ውስጥ መረጃ ከሚያዝበት ዓይነት) አልጀምርም። በአንዲት ልጅ ልጀምር።

ልጅቷ የተወለደችው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ሚሊኒየሙ የገባበት እንቁጣጣሽ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 መሆኑ ነው። ዛሬ ሁለቱን አቆጣጠር እያቀላቀልኩ ስለማወራ፣ ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በፈረንጅ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ የማኅበር አፕ ሠርተን ነበር። የማርያም ማኅበር ነው፤ ወር በገባ በ21 የሚጠጣ። አባላቱ ግማሾቹ አዲስ አበባ ናቸው። የቀሩት ቨርጂንያ፣ ዱባይና ቤይሩት ተበትነዋል። አፑ ቤተሰብ ይመዘግባል፣ ልደት ያስታውሳል፣ ተራው የማን እንደሆነ ይናገራል፣ መዋጮ ይይዛል። በአንድሮይድ፣ በአይፎንና በዌብ ይሠራል። የሦስቱ የጋራ ሥራ በኮትሊን መልቲፕላትፎርም (አንድ ኮድ በሁሉም ላይ በሚያሠራው) የተጻፈ አንድ ላይብረሪ፣ ማለትም የጋራ የኮድ ስብስብ፣ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን የልጅቷ አባት ከቨርጂንያ ደወለልኝ። "ልጄን ምን አደረጋችኋት?" አለ። ደነገጥኩ። አፑን ሲከፍት የልደት ቀኗ ጳጉሜ 6 ቀን 1999 ዓ.ም. ይላል። "እኔ የሚሊኒየም ልጅ ነው የወለድኩት። አሁን ልደቷን በአራት ዓመት አንዴ ላክብርላት ነው?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ስከፍተው መስከረም 1 ነው። ዱባይ ያለው ጓደኛችን ከፈተው፤ መስከረም 1። "አንተ ጋ ነው ችግሩ፣ ስልክህን አጥፍተህ አብራው" አልኩት። ይህን በማለቴ እስካሁን አፍራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝጋቢው አዲስ አበባ ሆኖ አይፎኑ ላይ ሴፕቴምበር 12ን ሲመርጥ፣ ስልኩ የያዘው ቀኑን አልነበረም። የአዲስ አበባን እኩለ ሌሊት ነው የያዘው። እኛ ከዩቲሲ፣ ማለትም የአገሩ ሰዓት ሁሉ ከሚለካበት የዓለም መነሻ ሰዓት፣ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ የሰፈረው ሴፕቴምበር 11፣ 21:00 ዩቲሲ ሆነ። ቨርጂንያ በዚያ ወር ከዩቲሲ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። አባትየው ሲከፍተው ሴፕቴምበር 11፣ 17:00 ሆኖ ወጣ። ማለትም ከቀኑ 11 ሰዓት። አፑ ሰዓቱን ቆርጦ ጣለና ሴፕቴምበር 11ን ያዘ። ከዚያ ወደኛ አቆጣጠር መለሰው። 1999 ዓ.ም. ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ነበር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2007 ደግሞ በእርግጥም ጳጉሜ 6 ነው። የመቀየሪያ ኮዳችን አልተሳሳተም። የተሰጠውን በትክክል ቀየረ። የተሰጠው ነበር ስህተቱ።

አንድሮይድ ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። የማቴሪያል ዴት ፒከር የሚባለው የቀን መምረጫ የመረጣችሁትን ቀን የዩቲሲ እኩለ ሌሊት አድርጎ፣ በሚሊሰከንድ ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ ያንኑ መስከረም 1 አንዱ በአይፎን፣ ሌላው በአንድሮይድ ቢመዘግበው፣ ሰርቨሩ ላይ 3 ሰዓት የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም ትክክል ሆነው ይታያሉ። ቨርጂንያ ላይ ሁለቱም ስህተት ናቸው። ቴስት የምናደርገው ደግሞ እዚሁ፣ ቦሌ።

የቤይሩቷ አባላችን ዘንድ ሲደርስ ጭራሽ ተጫወተብን። ሊባኖስ ሰዓት ታዞራለች። በእነሱ በጋ ከኛ እኩል ናት፤ በእነሱ ክረምት አንድ ሰዓት ከኛ ወደ ኋላ ትቀራለች። ስለዚህ እዚህ በአይፎን ከተመዘገቡት ልጆች፣ ሐምሌ የተወለደው ለእሷ ትክክል ነው። ጥር የተወለደው አንድ ቀን ወደ ኋላ ሄዷል። "አንዳንዱ ልጅ ላይ ይሳሳታል" ብላ ጽፋልን ነበር። "ሊደገም አልቻለም" ብለን ዘጋነው።

እንግዲህ ወደ ታይፑ እንምጣ። አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አያንሰውም። ቅጽበት አለ። ዕለት አለ። ቀጠሮ አለ። ሦስቱን ማንም እናት አታምታታቸውም። እኛ ፕሮግራመሮቹ ነን ሦስቱንም አንድ ከረጢት ውስጥ የምንከተው።

ቅጽበት ለዓለም ሁሉ አንድ ናት። መዋጮው የገባባት፣ መልእክቱ የተላከባት። እዚህ ሌሊት ይሁን እዚያ ቀን፣ ያችው ናት። ዕለት ግን ሌላ ነው። እንቁጣጣሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው? ጥያቄው ራሱ አያስኬድም። የልደት ቀን፣ የክርስትና ቀን፣ ፓስፖርት ላይ ያለው ቀን ሰዓት የላቸውም፤ አገር ሲቀየር አብረው አይቀየሩም። ልጅቷ ቨርጂንያ ስለሄደች ልደቷ አይንቀሳቀስም። ቀጠሮ ደግሞ ከአንድ ቦታ የግድግዳ ሰዓት ጋር የታሰረ ነው። ወደ ቅጽበት የሚለወጠው ቦታው ሲታወቅ ብቻ ነው።

በኮትሊን እነዚህ የየራሳቸው ታይፕ አላቸው። ለቅጽበት ኢንስታንት፣ ለዕለት ሎካልዴት፣ ለቀጠሮ ደግሞ ሎካልዴትታይም ከታይምዞን (ከሰዓት ቀጠና) ጋር። አከፋፈሉ ከጃቫ ታይም፣ ከጃቫ ቋንቋ የቀንና የሰዓት ክፍል፣ የመጣ ነው። ጃቫ 8 በማርች 2014 ሲወጣ ነው ይህ የገባው። መሠረቱን ስቲቨን ኮልቦርን ጆዳ ታይም በሚባል ቀደምት ላይብረሪ ጥሎት ነበር። ኮትሊንኤክስ ዴትታይም የሚባለው ላይብረሪ ያንኑ አከፋፈል ይዞ ለሁሉም ፕላትፎርም አዳረሰው። ኢንስታንት አሁን ወደ ኮትሊን መደበኛ ላይብረሪ ራሱ ገብቷል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ እኛ ምን ነካን?

እኛን የነካን ስም ነው። በአፕል ዓለም ያለው ታይፕ ስሙ ዴት ነው። ነገሩ ግን ቅጽበት ነው። ውስጡ ያለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ብቻ ነው። ቀን የለበትም፣ ወር የለበትም። የዌቡ ቋንቋ ጃቫስክሪፕትም ዴት ይለዋል። እሱም ቅጽበት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ። "የልደት ቀን" ስትሉ እጃችሁ ዴት ወደሚለው ይሄዳል። የልጅቷን ልደት የወሰደው ይህ ስም ነው ብል አላጋነንኩም። የማይክሮሶፍቱ ዶትኔት እንኳ ሰዓት የሌለው፣ ቀን ብቻ የሆነ ታይፕ ያገኘው በ2021 ነው። የመጀመሪያው ዶትኔት የወጣው በ2002 ነበር። አስቡት።

ስለ ጃቫስክሪፕት ትንሽ ልማ፣ ፍቀዱልኝ። ብሬንደን አይክ ቋንቋውን በ1995 በ10 ቀን ሠራው ይባላል። ጃቫን ምሰል ስለተባለ፣ የቀኑን ነገር የዚያን ጊዜው ጃቫ ላይ ካለው ዴት ወሰደው። ጃቫ ራሷ በ1997፣ በ1.1 ላይ፣ የዚያን ዴት አብዛኛውን ነገር "አትጠቀሙበት" አለች። ጃቫስክሪፕት ግን እስከ ዛሬ ተሸክሞታል። ወር ከዜሮ ይቆጥራል፤ 9 ካላችሁት ኦክቶበር ነው። "2007-09-12" ብላችሁ በጽሑፍ ብትሰጡት የዩቲሲ እኩለ ሌሊት ያደርገዋል። ከኋላው ሰዓት ብትጨምሩበት፣ ያውም ያንኑ 00:00፣ ያላችሁበት አገር እኩለ ሌሊት ያደርገዋል። ይህን መስመር ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቴምፖራል የሚባል ምትክ ለዓመታት ሲዘጋጅ ቆይቶ ፋየርፎክስ በ2025 አስገብቶታል። እሰየው ነው። ነገር ግን የድሮ ስልክ የያዘውን አባል እኛ ልንጥለው አንችልም።

የኛ ጥፋት ከዚህ የባሰ ነበር። በመጀመሪያው ላይብረሪያችን የጋራ ታይፕ አልነበረንም። የነበረን የጋራ ስም ነው። ኮትሊን ውስጥ ኤክስፔክት እና አክቹዋል የሚባል ነገር አለ፤ የጋራው ኮድ "እንዲህ ያለ ታይፕ ይኖራል" ይላል፣ እያንዳንዱ ፕላትፎርም የየራሱን ያቀርባል። "የማኅበር ቀን" የሚል ስም አወጣን። አንድሮይድ ላይ የጃቫው፣ አይፎን ላይ የአፕሉ፣ ዌብ ላይ የጃቫስክሪፕቱ። ስክሪን የሚሠሩት ልጆች ደስ አላቸው። ምንም ሳይቀይሩ የለመዱትን ያገኛሉ። እኛም ጎበዝ የሆንን መሰለን።

አንድ ስም፣ ሦስት ጸባይ። ይህ ምን እንደሚያመጣ በማኅበሩ ቀን ላሳያችሁ። ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ጣታችሁን አዘጋጁ።

የ2017 ዓ.ም. ጥቅምት 21 ኦክቶበር 31 ቀን 2024 ላይ ዋለ። ማኅበሩ ተጠጣ። አፑ ቀጣዩን ማስታወሻ ለማዘጋጀት "አንድ ወር ጨምር" አለ። ኖቬምበር 31 የሚባል ቀን የለም። ጃቫ ታይም ወደ ኋላ ሰብሰብ ይልና ኖቬምበር 30 ይላል። አፕልም እንዲሁ። የጃቫስክሪፕት ዴት ግን ሞልቶ ይፈስሳል፤ ዲሴምበር 1 ይላል። ኖቬምበር 30 ኅዳር 21 ነው። ጽዮን። ዲሴምበር 1 ኅዳር 22 ነው። ስለዚህ በስልክ የሚጠቀሙት በሰዓቱ መጡ። በኮምፒውተር የምትከታተለዋ እናት በማግስቱ ድፎ ዳቦ ይዛ ልትመጣ ነበር። ደግነቱ ጎረቤት አለ።

"ጃቫስክሪፕት ነዋ፣ ይታወቃል" ትሉ ይሆናል። ቆይ። ስልኩን እንከተለው። ከኖቬምበር 30 አንድ ወር፣ ዲሴምበር 30። ታኅሣሥ 21 ነው፣ ልክ ነው። ከዲሴምበር 30 አንድ ወር፣ ጃንዋሪ 30። ጥር 22። አስተርእዮ አለፈች! በዓመቱ ከሚጠበቁት አንዷ የሆነችውን በዓል፣ የማርያም ማኅበር አፕ በማግስቱ አስታወሰ። ሁለት ወር በትክክል የሠራው በአጋጣሚ ነው። የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የእነሱ አንዴ 30 አንዴ 31። አጋጣሚው ሲያልቅ ተጋለጥን።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ምክር አለ። "የኢትዮጵያ አቆጣጠር የስክሪን ጉዳይ ነው፤ ውስጥ ሁሉንም በፈረንጅ ያዙት፣ ስታሳዩ ብቻ ቀይሩት" ይባላል። ለልደት ቀን ልክ ነው። አንድ ዕለት አንድ ዕለት ነው፤ መስከረም 1 ብትሉትም ሴፕቴምበር 12 ብትሉትም ያው ፀሐይ ናት። ለ"በየወሩ በ21" ግን ልክ አይደለም። ያ ዕለት አይደለም፣ ደንብ ነው። ደንቡ የተጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጅ ስትገለብጡት ይሞታል። ስለዚህ ሁለተኛው ላይብረሪያችን ውስጥ አንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ቀን ታይፕ አለች። 13 ወር ታውቃለች። ወደ ሎካልዴትና ከሎካልዴት በቀን ቆጠራ ትመላለሳለች። በየወሩ የሚደጋገም ነገር በእሷ ይሰላል፤ ውጤቱ ሎካልዴት ሆኖ ይወጣል።

ለምን ራሳችሁ ጻፋችሁ ለሚል፦ አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የኛን አቆጣጠር ያውቃል። አፕልም ያውቃል። ብራውዘሮችም ለማሳየት ያህል ያውቃሉ። የጃቫ ታይም መደበኛው ክፍል ግን የታይላንድን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን ይዞ የኛን አልያዘም። ኮትሊንኤክስ ዴትታይም ደግሞ የፈረንጁን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስት ቦታ ከሦስት ምንጭ ከማምጣት አንድ ቦታ መጻፍ ይሻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የኛ ዓመት በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን ስድስት ያደርጋል፣ ያለ ምንም ልዩነት። የፈረንጁ ግን 2100ን ይዘላል። ከዚያ በኋላ፣ አሁን አብዛኛውን ዓመት ሴፕቴምበር 11 የምትውለው እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ትሸሻለች። "ሴፕቴምበር 11" የሚል ቁጥር ኮዳችሁ ውስጥ በእጅ የጻፋችሁ ካላችሁ ለልጅ ልጆቻችሁ ዕዳ ትታችኋል።

ቀጠሮ ላይ ልግባ። እኛ ሰዓት አናዞርም። ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ አለቀ። ይህ ጸጋ ነው፤ ሰነፍም ያደርጋል። "ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ" የሚለውን ምክር እንደ ጸሎት እንደግመዋለን። ላለፈ ነገር ድንቅ ምክር ነው። ለሚመጣ ቀጠሮ ግን ያታልላል።

ቤይሩት ያለችው አባላችን የሥራ ዕረፍቷ እሑድ ብቻ ነው። ከማኅበሩ ጋር በቪዲዮ የምትገናኘው እሑድ፣ በእሷ ግድግዳ ሰዓት 16:00 ላይ ነው። እኛ ይህን ክረምት ላይ 14:00 ዩቲሲ ብለን አስቀመጥነው። ሰዓት ሲዞር ቀጠሮዋ 17:00 ሆነ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም፤ እኛ ነን ያንቀሳቀስናት። ለእንዲህ ያለው ነገር የሚቀመጠው "እሑድ፣ 16:00፣ እስያ/ቤይሩት" ነው። ቅጽበቱ የሚሰላው መጨረሻ ላይ፣ ማስታወሻው ሊደወል ሲል ነው።

"አስቀድመን በደንቡ ብናሰላውስ?" ደንቡ ይቀየራል። በማርች 2023 የሊባኖስ መንግሥት ሰዓቱ ሊዞር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በረመዳን ምክንያት እናዘገያለን አለ። ቤተ ክርስቲያን እምቢ አለች፣ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች እምቢ አሉ። አንድ አገር ውስጥ ለቀናት ሁለት ሰዓት ሆነ። በሳምንት ውስጥ መንግሥት ውሳኔውን አጠፈ። ሳሞአማ በ2011 ዲሴምበር 30ን ጭራሽ ዘላዋለች፤ ያን ቀን አልዋለችም። የትኛውም ቀድሞ የተሰላ ቁጥር ይህን አያውቅም።

ኮትሊንኤክስ ዴትታይም ሎካልዴትታይም ላይ ሰዓት መደመርን ሆን ብሎ አይፈቅድም። "ይህን የመሰለ ተራ ነገር እንዴት ይቀራል" ብዬ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ገብቶኛል። ቦታው ሳይታወቅ ሦስት ሰዓት ሲጨመር የት እንደሚደርስ አይታወቅም። መጀመሪያ ታይምዞን ስጠኝ ይላል። ልክ ነው።

የሰዓት ቀጠና ስም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጣል። በዓለም አቀፉ የቀጠና ዳታቤዝ አፍሪካ/አዲስ_አበባ የአፍሪካ/ናይሮቢ ቅጽል ስም ነው። ዊንዶውስ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ብሎ በራሱ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ስሙን እንደ ጽሑፍ እያወዳደራችሁ "ይህ ሰው ኢትዮጵያ ነው" አትበሉ። ናይሮቢ የሚል ስልክ ይዞ መርካቶ የሚዞር ሞልቷል።

ስለ ቅጽበትም አንድ ነገር። ቅጽበት ከሦስቱ ቀላሉ ነው። ቢሆንም የተኛንበት ሌሊት ነበር። ጠዋት ስንነሳ የአንዲት አባል የሞባይል ዳታ አልቋል። ምክንያቱን ስናይ፣ ሰርቨሩ ጄቪኤም (የጃቫ ማስኬጃ) ላይ ነው፤ "መጨረሻ የተሻሻለበት" የሚለውን ከሚሊሰከንድ በታች ያለውን ጨምሮ ይጽፋል። የጃቫስክሪፕቱ ዴት ከሚሊሰከንድ በታች አይይዝም። አሳጥሮ ይመልሳል። ሰርቨሩ ያወዳድራል፤ አይመሳሰልም። "ተሻሽሏል" ይልና እንደገና ይልካል። ያም ያሳጥርና ይመልሳል። ሌሊቱን ሙሉ ፒንግ ፖንግ። የአፕሉ ደግሞ በነጥብ ቁጥር ነው የሚይዘው፤ በእሱ ሲመላለስ የመጨረሻዋ አሃዝ ትንቀጠቀጣለች። መፍትሔው አሰልቺ ነው። ላይብረሪያችን ውስጥ ቅጽበት ሲፈጠር እዚያው ሚሊሰከንድ ላይ ይቆረጣል። ማንም ከሚሊሰከንድ በታች ያለውን አያይም። ለማኅበር መዋጮ ይበቃል።

በነገራችን ላይ በ1970 እና በ2001 መነሻዎች መሃል 978,307,200 ሰከንድ አለ። ይህን ቁጥር በቃሌ የማውቀው ወድጄ አይደለም። ስክሪን ላይ ነገሩ 31 ዓመት ከሳተ፣ የት እንደምትፈልጉ እወቁ።

አሁን ያለው ላይብረሪ እንግዲህ የፕላትፎርም ታይፕ በበሩ አያስገባም። ከውጭ የሚገባም የሚወጣም ኢንስታንት፣ ሎካልዴት ወይም ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ የኛ ታይፕ ናት፤ የግድግዳ ሰዓትና ቀጠና የያዘች። ስክሪን የሚሠሩት ልጆች አኩርፈው ነበር። የአይፎኑ ልጅ "የእናንተን ቀን ወደኔ ቀን ለመቀየር ሁልጊዜ ኮድ ልጽፍ ነው?" አለኝ። አዎ። አንድ ጊዜ፣ በር ላይ፣ ከስክሪኑ አጠገብ። ዌቡም በመጠን ትንሽ ከብዷል፤ አልዋሽም። ሲላክም ዕለት "2007-09-12" ተብሎ ብቻ ይላካል። ሰዓት የሚለጥፍበት ካለ ኮዱ አይገባም።

ሰዓታችንስ? ከጠዋቱ 3 ሰዓት 09:00 ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው 3:00 ሲጽፍ እንዳለ ወስደን 03:00 አድርገነው ነበር። ማስታወሻው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደወለ። የሰደቡንን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ስድስት መደመርና መቀነስ የስክሪን ሥራ ነው። ላይብረሪው ውስጥ ካየሁት ኮዱን አልቀበልም።

ግን አንድ ነገር ከስክሪን አልፎ ገባብን። "ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት" ሲባል የትኛው ሌሊት ነው? ለስልኩ ማክሰኞ 02:00 ነው፤ የሰኞ ማታ ቅጥያ። ለብዙ ሰው ግን ማክሰኞ ውሎ፣ መሽቶ፣ ከዚያ የሚመጣው ሌሊት ነው። ስልኩ ያንን ረቡዕ ይለዋል። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ለመቀበል በተሳሳተ ሌሊት ኤርፖርት የተገኘ ያውቀዋል። አማርኛ ግን መድኃኒቱን ይዞ ነው የተቀመጠው። "ለረቡዕ አጥቢያ" ስትሉ ማንም አይሳሳትም። ስለዚህ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለ ቀጠሮ ሲመረጥ፣ አፑ "ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ብሎ ይጽፋል። ከሠራነው ሁሉ በጣም የተመሰገንንበት ይህ ነው። ኮዱ አራት መስመር ነው።

መጨረሻ ላይ የቀረን የድሮውን ዳታ ማዳን ነበር። የልደት ቀኖቹ ሁሉ ቅጽበት ሆነው ተቀምጠዋል። ግን ቅሪቱ ይናገራል። 21:00 ዩቲሲ የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ በአይፎን የገባ ነው፤ 3 ሰዓት ጨምረህ ዕለቱን ታነሳለህ። 00:00 ካለ አንድሮይድ ነው፤ እንዳለ ትወስደዋለህ። 04:00 ወይም 05:00 ካለ ቨርጂንያ ነው። አብዛኛው እንዲህ ተፈታ።

ያልተፈታው፣ ቨርጂንያ ሆነው አፑን ከፍተው፣ ሌላ ነገር አስተካክለው "አስቀምጥ" ያሉት ነው። አፑ ያየውን የተሳሳተ ዕለት የቨርጂንያ እኩለ ሌሊት አድርጎ በላዩ ጽፎበታል። ከትክክለኛው መለየት አይቻልም። እነዚህን አንድ በአንድ ደወልንላቸው። የሚሊኒየሟ ልጅ ቤት እኔ ደወልኩ። አባትየው ሥራ ላይ ነበር፤ እናትየው አነሱት። ይቅርታ ጠየቅኩና፣ "እማማ፣ ልጅቷ የተወለደችው ጳጉሜ 6 ነው ወይስ መስከረም 1?" አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። "ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው የወለድኳት" አሉ። "ሆስፒታሉ መስከረም 1 ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ግን ለእንቁጣጣሽ አጥቢያ ነው የምለው። ያንተ ኮምፒውተር ይህን ያውቃል?"

አያውቅም አልኳቸው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፍኩ።